ቀለም የተቀባ አሮጌ የውሃ ፓምፕ «አዲስ» እየተባለ ይሸጣል፣ ተጠንቀቁ

አሮጌ ቫን ያላችሁ፣ በተለይ የውሃ ፓምፕ (ሞተሩን የሚያቀዘቅዘውን ውሃ የሚያዞረውን) ልትቀይሩ ያሰባችሁ፣ ገንዘብ ከመክፈላችሁ በፊት ይህን አንብቡ።

«ፓምፑንም እኛ እናመጣለን፣ ገጠማውም ከኛ ነው፣ አንድ ሰዓት አይፈጅም» የሚል ርካሽ ዋጋ ለኔም ቀርቦልኝ ነበር። ፓምፑ ካርቶን ውስጥ ነው፣ ያብረቀርቃል፣ አዲስ ይመስላል። ብዙም ሳይቆይ ውሃ መጉደል ጀመረ። ቀጥሎ ከሞተሩ ፊት ማጉረምረም መጣ። ሌላ መካኒክ ሲፈታው ጉዱ ወጣ። ቀለሙን በጥፍሩ ፋቅ ሲያደርገው ከሥሩ ዝገት ነው። ከሞተሩ ጋር የሚገጥመው ፊቱ ላይ የድሮ ሲሊከን ቅሪት አለ። ቡሎን የሚገባባቸው ቀዳዳዎች ዙሪያቸው ተፋፍቋል። ውሃውን የሚገፉት ክንፎች ጠርዛቸው ተበልቶ ሳስቷል። ያለቀ ፓምፕ ታጥቦ፣ ተቀብቶና ካርቶን ተፈልጎለት ነው የተሸጠልኝ።

ከሁሉም ያናደደኝ ግን ሆዱ ሥር ያለችው ትንሽ ቀዳዳ በሲሊከን መደፈኗ ነው።

ስለዚህች ቀዳዳ ብዙ ሰው አያውቅም። በፓምፑ መሃል ዘንግ ያልፋል። በአንዱ ጫፉ ቤልት የሚያዞረው ፑሊ፣ በሌላው ጫፉ ክንፎቹ አሉ። ዘንጉን የያዘው ኩሽኔታ ነው። ውሃው ወደ ኩሽኔታው እንዳያልፍ መሃል ላይ ማሸጊያ አለ። ማሸጊያው እያለቀ ሲሄድ ውሃ ያሾልካል። ያ ውሃ ኩሽኔታው ላይ ሳይደርስ ወደ ውጭ እንዲወርድ በሁለቱ መካከል ቀዳዳ ተበጅቷል። ከዚያ ጠብታ ካላቋረጠ፣ ወይም ዙሪያው የደረቀ የኩላንት (የማቀዝቀዣ ፈሳሽ) ቅርፊት ከታየ፣ ፓምፑ አልቋል ማለት ነው። አዲስ ፓምፕም ማሸጊያው እስኪላመድ ድረስ ጥቂት ጠብታ ሊጥል ይችላል። ካላቆመ ግን ይመለስ።

ቀዳዳዋ ስትደፈን ማፍሰሱ አይታይም። ውሃው ግን መውጫ ሲያጣ ኩሽኔታው ውስጥ ገብቶ ቅባቱን ያጥበዋል። ከዚያ ዘንጉ መወላገድ ይጀምራል፣ ቤልት ይወልቃል። በብዙ አሮጌ ቫኖች ፋኑ የሚታሰረው እዚሁ ዘንግ ላይ ነው፤ ኩሽኔታው ጨርሶ ሲለቅ ፋኑ ራዲያተሩን ሊበሳው ይችላል። ሞተሩ ከመጠን በላይ ከጋለ ደግሞ ቴስታታ (የሞተሩ የላይኛው ክፍል) ሊጣመም፣ ጓርኒሲዮን (በሁለት ብረቶች መካከል የሚገባው ስስ ማሸጊያ) ሊቃጠል ይችላል። ሰው የጫነ መኪና ላይ እያወቁ እንዲህ ማድረግ በሰው ሕይወት መቀለድ ነው።

ሌላው ጉዳይ ገጠማው ነው። ፓምፕ አብዛኛውን ጊዜ የሚሞተው በምክንያት ነው። ኩላንት ውስጥ ዝገት የሚከላከል ንጥረ ነገር አለ፣ በጊዜ ብዛት ግን ያልቃል። የቧንቧ ውሃ ብቻ የሚጠጣ ሞተር ውስጡ ይዝጋል። ዝገቱና ዝቃጩ ከውሃው ጋር እየዞረ ማሸጊያውን ይፍቀዋል። የማይስማሙ ኩላንቶች ሲቀላቀሉ ወደ ዝልግልግ ነገር ሊለወጡ ይችላሉ፤ ቀለማቸው አንድ ስለሆነ ብቻ አትመኑ። ከመጠን በላይ የተወጠረ ቤልት ደግሞ ኩሽኔታውን ይገድለዋል። የአንድ ሰዓቱ ሰውዬ ይህን ሁሉ አያይም። የፓምፑን አሮጌ ጓርኒሲዮን በደንብ ሳይፍቅ ሲሊከን ይለጥፍበታል፣ የቧንቧ ውሃ ይሞላና ቁልፉን ያስረክባል።

አየር ማስወጣቱንም ይዘለዋል። ቫን ላይ ይህ ቀላል ነገር አይደለም። ሞተሩ ብዙ ጊዜ መቀመጫ ሥር ነው፣ ወደ ኋላ ማሞቂያ የሚሄደው ቱቦም ረጅም ስለሆነ አየር ታምቆ ይቀራል። ሞተሩ ግሎ ሳለ ማሞቂያው ቀዝቃዛ አየር ከነፋ ብዙ ጊዜ ወይ ውሃ ጎድሏል፣ ወይ አየር አለ፣ ወይ ፓምፑ ውሃውን እየገፋ አይደለም።

ፓምፑ በታይሚንግ ቤልት (የቫልቮቹን እንቅስቃሴ ከፒስተኖቹ ጋር በሚያስተካክለው ቤልት) የሚዞር ሞተር ካላችሁ ሁለቱን አብራችሁ ቀይሩ። የሚፈታው ያው ስለሆነ የእጅ ዋጋው ብዙም አይለይም። «ቤልቱ ገና ነው፣ ይቆያል» ሲሏችሁ እሺ አትበሉ። ፓምፑ ነክሶ መዞር ካቆመ ቤልቱ ሊበጠስ ይችላል፣ በብዙ ሞተሮች ላይ ደግሞ ቫልቭና ፒስተን ይጋጫሉ።

ስትገዙ ፓምፑን ከካርቶኑ አውጡትና በእጃችሁ ያዙት። ፑሊው ወይም የፑሊው ማሰሪያ ሲዞር ለስላሳ ይሁን፣ ወደ ጎን ስትነቀንቁት ምንም አይላወስ። የስልካችሁን መብራት አብርታችሁ ቀዳዳዋን ፈልጉ፤ ክፍት መሆን አለባት። የሚገጥመው ፊት ንጹሕና ያልተቧጨረ ይሁን። ከወጣው ፓምፕ ጋር ጎን ለጎን አስቀምጡና የክንፎቹን አቅጣጫና ቁመት አስተያዩ። የታደሰ ፓምፕ ሁሉ መጥፎ አይደለም፤ ኩሽኔታውና ማሸጊያው በአዲስ ተቀይሮ፣ «የታደሰ ነው» ተብሎ በዋጋው ከተሸጠ ንግድ ነው። አሮጌውን ግን ለማንም አትተዉ። ይዛችሁት ሂዱ፣ ነገ ተቀብቶ ለሌላ ሰው እንዳይሸጥ።

ቀድማችሁ ያስገጠማችሁ ካላችሁ ሞተሩ በደንብ ሲቀዘቅዝ፣ ቁልፉ ተነቅሎ፣ ፓምፑ ዘንግ ላይ የታሰረ ፋን ካለ እሱን ይዛችሁ ወደ ፊትና ወደ ኋላ ነቅንቁት። ከተላወሰ መኪናውን አታንቀሳቅሱት። የራዲያተር ክዳን በጋለ ሞተር ላይ በፍጹም አይከፈትም፤ ውስጡ በግፊት የታመቀ የፈላ ውሃ ነው፣ ፊት ያቃጥላል። እየነዳችሁ የሙቀቱ ቀስት ከወጣ ዳር ይዛችሁ አጥፉ። በጋለ ሞተር ላይ ቀዝቃዛ ውሃ አታፍስሱ።

ደረሰኝም ጠይቁ። ላዩ ላይ «አዲስ» ወይም «የታደሰ» ተብሎ በጽሑፍ ይስፈር። ሻጩ ይህን አልጽፍም ካለ ፓምፑን እዚያው ትታችሁ ውጡ።