ቴስላ ሞዴል ዋይ፦ ኤሌክትሪክ ሲጠፋ በሩ እንዴት ይከፈታል?

ይህ ግምገማ ከ2020 እስከ 2024 እ.ኤ.አ. የተመረተውን የኤሌክትሪክ መኪና፣ ሞዴል ዋይን፣ በሮችና መስታወቶች ብቻ ይመለከታል። ስለ ፍጥነቱና በአንድ ቻርጅ ስለሚሄደው ርቀት ብዙ ተብሏል። ልጅ ከኋላ የሚያስቀምጥ ወላጅ፣ እንዲሁም በዋሽንግተን አካባቢ ኡበር የሚሠራ ወገናችን ግን መጀመሪያ በሩን ይወቅ።

የዚህ መኪና የበር መስታወት ዙሪያውን የሚይዘው ብረት የለውም። ሲዘጋ ጫፉ ከጣሪያው ጎሚኒ (የጎማ ማሸጊያ) ውስጥ ይገባል። ስለዚህ በሩ ላይ ያለው የመክፈቻ ቁልፍ (በተን) ሲነካ መስታወቱ ትንሽ ዝቅ ይልና በሩ ይለቃል፤ በሩ ሲዘጋ መስታወቱ ተመልሶ ይወጣል። ፍሬም የሌለው መስታወት በራሱ ጥፋት የለበትም፤ የድሮው ሱባሩ ሌጋሲ መስታወት ጎሚኒው ላይ ተደግፎ ብቻ ስለሚቆም ባትሪ ቢሞትም በሩ በእጀታ ይከፈት ነበር። ሞዴል ዋይ ግን መስታወቱንም መቆለፊያውንም የሚያንቀሳቅሰው በትንሹ ባትሪ ነው። ይህ ባትሪ በመጀመሪያዎቹ መኪናዎች 12 ቮልት የእርሳስ ነበር፣ በኋላ 16 ቮልት ገደማ ወዳለው ሊቲየም ተቀይሯል። እሱ ከሞተ መኪናውን የሚነዳው ትልቁ ባትሪ ሙሉ ቢሆን እንኳ በሩን አይከፍትም።

ፊት ለተቀመጠ ሰው መፍትሔው ጥሩ ነው። ከመስታወት ማብሪያዎቹ ፊት ለፊት ያለውን መጎተቻ ወደ ላይ መሳብ ይበቃል። ነገር ግን መስታወቱ ሳይወርድ በሩ ስለሚከፈት ጎሚኒውንና ጌጡን ሊጎዳ ይችላል። አዲስ ተሳፋሪ ደግሞ የተለመደ እጀታ መስሎት የሚስበው ይህንኑ ነው፤ የመክፈቻውን በተን እንዲጫን አስቀድማችሁ ንገሩት።

የኋላው ወንበር ግን ተቀባይነት የለውም። በእጅ መክፈቻው በሁሉም መኪና ላይ የለም። ካለም ከበሩ ኪስ ግርጌ ያለውን ምንጣፍ ማንሳት፣ ቀዩን ምላስ ተጭኖ ክዳኑን ማውጣት፣ ከዚያ ከውስጥ ያለውን ኬብል ወደ ፊት መሳብ ያስፈልጋል። ይህን በጭስና በጨለማ ማን ያደርገዋል? በመቀመጫው የታሰረ ሕፃንማ ጨርሶ አይችልም። የአሜሪካ የመንገድ ትራፊክ ደህንነት መሥሪያ ቤት በመስከረም 2025 እ.ኤ.አ. ወደ 174,000 በሚጠጉ የ2021 ሞዴል ዋዮች ላይ ምርመራ የከፈተው በዚሁ ጉዳይ ነው፤ የውጭ እጀታዎች አልሠራ ብለው ልጆች ውስጥ የቀሩባቸው አቤቱታዎች ቀርበው ነበር፣ በአንዳንዶቹም ወላጆች መስታወት ሰብረዋል።

ባትሪው ሞቶ ከውጭ ሆናችሁ ከሆነ ጃምፕ ስታርተር (ለሞተ ባትሪ ኃይል የሚሰጥ ተንቀሳቃሽ መሣሪያ) ያስፈልጋችኋል፤ ጃምፕ ስታርተሩ መኪናው ውስጥ ተቆልፎ ከቀረ ግን ጥቅም የለውም። በፊት ፓራውልቱ (መከላከያው) ላይ ያለችውን፣ መኪናው የሚጎተትበትን ቀለበት ቦታ የምትሸፍነውን ክዳን ጠርዟን በኃይል ተጫኑና አውጧት። ከውስጥ ሁለት ሽቦዎች ይወጣሉ፤ ቀዩን ከቀይ፣ ጥቁሩን ከጥቁር አገናኙና መሣሪያውን አብሩ፤ የፊት ኮፈኑ ወዲያው ይለቃል። ካልለቀቀ ትንሹ ባትሪ ገና ኃይል አለው ማለት ነው፤ መኪናው ተቆልፎ ባትሪው እስካልሞተ ድረስ በዚህ መንገድ አይከፈትም። ይህ ኮፈኑን ይከፍታል እንጂ ባትሪውን አይሞላም። ስለዚህ በኮፈኑ ሥር ያለውን ሽፋን አንሱና ጃምፕ ስታርተሩን ከባትሪው ጋር አገናኙ፤ ኃይል ሲመለስ የመኪናውን የቁልፍ ካርድ በሾፌሩ በኩል በሁለቱ በሮች መካከል ባለው ምሰሶ ላይ አስጠጉ።

ያለ ኤሌክትሪክ የተከፈተን በር መልሳችሁ በኃይል አትዝጉ፤ መስታወቱ ከላይ እንደቆመ ነውና ጠርዙ ከጣሪያው ጋር ይጋጫል። ገርበብ አድርጋችሁ ተዉት። ኃይል ከተመለሰ በኋላ መስታወቱ በትክክል ካልወረደ በሮቹን ሁሉ ዝጉና ከሾፌሩ ማብሪያ እስኪቆም አውጡት፣ እስኪቆም አውርዱት፣ እንደገና አውጡት።

በክረምት መስታወቱ በበረዶ ከተያዘ ከመክፈት በፊት መኪናውን በስልክ ላይ ባለው የቴስላ አፕ ማሞቅ ይሻላል።

መስታወት መስበሪያ ለመግዛት ካሰባችሁ መጀመሪያ የእያንዳንዱን መስታወት ጥግ አንብቡ። «ቴምፐርድ» የሚለው በጥጉ በኩል ሲመታ ይረግፋል። «ላሚኔትድ» የሚለው ግን በመካከሉ ፕላስቲክ ስላለው ይሰነጠቃል እንጂ አይከፈትም፤ በሞዴል ዋይ የፊት በሮች የሚገኘው ብዙ ጊዜ ይኸኛው ነው።