ሬዲቡስት፦ ፍላሽ የዘገየ ኮምፒውተር ያፈጥናል?

ፍላሽ ሰክቶ ኮምፒውተር ማፍጠን ይቻላል ሲባል ብዙ ሰው ራም (ኮምፒውተሩ በሥራ ላይ ያለውን መረጃ ለጊዜው የሚይዝበት ማስታወሻ) የሚጨመር ይመስለዋል። አይጨመርም። ሬዲቡስት የተባለው የዊንዶውስ አገልግሎት እ.ኤ.አ. በ2007 ለተጠቃሚ ከቀረበው ዊንዶውስ ቪስታ ጋር የመጣ ሲሆን፣ ሥራው ከሃርድ ዲስክ በተደጋጋሚ የሚፈለጉ ትንንሽ ቁርጥራጮችን ቅጂ ፍላሽ ላይ ማስቀመጥ ነው። ሃርድ ዲስክ ተበታትነው የተቀመጡ መረጃዎችን ሲፈልግ ማንበቢያው ከቦታ ቦታ ስለሚመላለስ ለእያንዳንዱ 10 ሚሊሰከንድ ገደማ ይፈጅበታል። ፍላሽ ግን የሚንቀሳቀስ አካል ስለሌለው 1 ሚሊሰከንድ አካባቢ ይበቃዋል። ትልልቅ ፋይል በተከታታይ ሲነበብ ደግሞ ሃርድ ዲስኩ ስለሚበልጥ፣ ፊልም ሲገለበጥ ምንም ለውጥ አትጠብቁ።

ጥቅሙ ጎልቶ የሚታየው ራሙ ከ512 ሜጋ እስከ 1 ጊጋ በሆነ አሮጌ ማሽን ላይ ነው፤ ከአንዱ ፕሮግራም ወደ ሌላው ሲቀየር መንገታገቱ ይቀንሳል። 4 ጊጋ ራም ላለው ልዩነቱ አይታወቅም። ዊንዶውስ የተጫነው ኤስኤስዲ (የሚንቀሳቀስ አካል የሌለው ፈጣን ዲስክ) ላይ ከሆነ ሲስተሙ ራሱ አያስፈልግህም ብሎ ይዘጋዋል።

አሠራሩ ቀላል ነው። ፍላሹ ላይ ራይት ክሊክ፣ ፕሮፐርቲስ፣ ከዚያ ሬዲቡስት የሚለውን ገጽ ከፍታችሁ መጠኑን ትመርጣላችሁ፤ ከራሙ ከ1 እስከ 3 እጥፍ ይበቃል። ፋት32 በሚባለው የፋይል አቀማመጥ ፎርማት የተደረገ ፍላሽ ከ4 ጊጋ በላይ ስለማይመደብለት፣ ዊንዶውስ 7 ላይ ኤንቲኤፍኤስ በሚባለው ፎርማት አድርጉት፤ እስከ 32 ጊጋ ይቀበላል። ዴስክቶፕ ከሆነ በሃብ (በዩኤስቢ ማብዣ) ሳይሆን በቀጥታ ከኋላ ሰኩት።

ብዙ ጊዜ የሚያበሳጨው ፍላሹ ፈተናውን መውደቁ ነው። ዊንዶውስ 4 ኪሎባይት ቁርጥራጮችን በሰከንድ ቢያንስ በ2.5 ሜጋባይት ማንበብ፣ 512 ኪሎባይት ቁርጥራጮችን ደግሞ በ1.75 ሜጋባይት መጻፍ ይጠይቃል፤ ርካሽ ፍላሾች እዚህ ይቀራሉ። መጠኑ የተጭበረበረ ፍላሽም ስላለ መጀመሪያ ኤችቱቴስትደብልዩ በሚባለው ነፃ ፕሮግራም ሙሉውን ፈትሹ። በሥራ መሃል ቢነቀል ግን አትደንግጡ፤ ዋናው መረጃ ሃርድ ዲስኩ ላይ አለ፣ ፍላሹ ላይ ያለውም ኤኢኤስ 128 በሚባል የምስጠራ ዘዴ የተመሰጠረ ነው።

ፍርዳችን ግልጽ ነው፦ ቤት ያለ ትርፍ ፍላሽ ካለ ሞክሩት፣ ለዚህ ብላችሁ ግን አትግዙ። ገንዘቡ ራም ላይ ይዋል፣ ቀጥሎ 2.5 ኢንች ሳታ (በሳታ ገመድ ወይም ማገናኛ የሚሰካ) ኤስኤስዲ ላይ። ራም ስትገዙ ዲዲአር2 እና ዲዲአር3 የሚባሉት የራም ዓይነቶች አንዱ በሌላው ቦታ አይገባም። በ1.35 ቮልት ብቻ የሚሠራ ላፕቶፕ ደግሞ ዲዲአር3ኤል (በዝቅተኛ ቮልት የሚሠራውን ዲዲአር3) ይፈልጋልና የድሮውን ራም አውጥታችሁ ጽሑፉን ሳታነቡ አትክፈሉ።