በግራ በኩል ቆሎ ቆረጠምኩ

ዘጠኝ ዓመት ሙሉ በቀኝ በኩል ብቻ ስበላ ኖሬያለሁ። ትናንት ማታ ቡና ተፈልቶ ቆሎ ሲቀርብ ሳላስበው በግራ ቆረጠምኩ። ያየችኝ ባለቤቴ ናት። «ያ ጎንህ መሥራት ጀመረ እንዴ?» አለችኝ። ጀምሯል። ጥርሴን የሠራልኝ ዶክተር ይህን ካነበበ ስለ ቆሎው እንደሚቆጣኝ አውቃለሁ። ሁለተኛ አይለመደኝም።

የታችኛው ግራ መንጋጋ ጥርሴን ያስነቀልኩት አንድ ቦታ ነው፣ ስሙ ይቅር። አመመኝ ስል ነቀሉት፣ በቃ። ይድናል ወይ ብሎ ያሰበ የለም፤ እኔም አልጠየቅሁም። አንድ ጥርስ ቢጎድል ምን ይመጣል ብዬ ተውኩት። ለካ ከኋላ ያለው ቀስ እያለ ወደ ክፍተቱ ይዘማል፤ ከላይ ያለውም የሚገጥመው ሲያጣ ወደ ታች ይወርዳል። ዘንድሮ ደግሞ ከፊቱ ያለው፣ ድሮ የተሞላው፣ ቆሎ ውስጥ በገባች ጠጠር ግማሹ ተሸርፎ ወደቀ። ሌሊቱን ግማሽ ፊቴ ሲነድ አደረ።

የምኖረው ኮምቦልቻ ነው። አንድ የሥራ ባልደረባዬ ደሴ ፒያሳ አካባቢ ያለ የጥርስ ክሊኒክ ጠቆመኝ። የሐረጎን ዳገት ወጥቼ ሄድኩ። ገና ስቀመጥ «ይህንንም ንቀለውና ልረፍ» አልኩት። ራጅ አንሥቶ አሳየኝ፤ ሥሩ ጤነኛ ስለሆነ አይነቀልም አለ። ነርቩ ይወጣል፣ የሥሩ ቦይ ተጠርጎ ይሞላል፣ ከዚያ ክራውን ይለብሳል። እንዲህ የተጎዳ ጥርስ በሙሌት ብቻ ከተተወ በቀላሉ ይሰበራል። ክራውኑ እንደ ቆብ ሆኖ ዙሪያውን ይይዘዋል።

ለባዶው ቦታ ደግሞ ብሪጅ ይቻላል አለኝ። ሰውየውን የወደድኩት እዚህ ላይ ነው። ብሪጁ ሦስት ጥርስ አንድ ላይ ተያይዞ የሚሠራ ነው። የመሃሉ ሥር የለውም፤ የሚሸከሙት ሁለቱ ጎረቤቶች ናቸው። ለዚያ ደግሞ ዙሪያቸውን መሞረድ አለባቸው። «የፊተኛው ለማንኛውም ክራውን ያስፈልገዋል። የኋለኛው ግን ጤነኛ ነው፤ አንዴ ከሞረድኩት አይመለስም። ቤትዎ ገብተው ያስቡበት ጋሼ» አለኝ። መንጋጋ አጥንት ውስጥ በብሎን የሚተከል ኢምፕላንት እንዳለ፣ ጎረቤት እንደማይነካ፣ ግን ረጅም ጊዜና ብዙ ገንዘብ እንደሚፈልግም አስረዳኝ። የሁሉንም ዋጋ ለየብቻ በወረቀት ጽፎ ሰጠኝ። እጁ ላይ የገባን ደንበኛ «ያስቡበት» ብሎ የሚሸኝ ስንት ሰው አለ? ሳምንት አሰብኩና ብሪጁን መረጥኩ።

ሲሞረድ አያምም፣ ማደንዘዣ አለ። የሚያስቸግረው የጥርሱ ልክ ሲወሰድ ነው። ሊጥ የመሰለ ነገር በትሪ አድርገው ያስነክሷችኋል፤ እስኪደርቅ በአፍንጫ መተንፈስ ነው። ሊያስመልሰኝ ሲል ሲስተር «እግርዎን ከፍ አድርገው አውራ ጣትዎን ያንቀሳቅሱ» አለችኝ። ሳቄ መጣ፤ ማስመለሱም በዚያው ጠፋ።

ቀለም ላይ «ነጩን አድርግልኝ» ብዬው ነበር። ናሙናዎቹን በመስኮቱ ብርሃን ከጥርሶቼ ጋር እያስተያየ «እንዲህ ከነጣ ከሩቅ ያስታውቃል» አለና ቡና ጠጪ ጥርስ የሚመስለውን መረጠ። ልኩ አዲስ አበባ ላብራቶሪ ተልኮ እስኪመጣ ጊዜያዊ ሽፋን አደረገልኝ። በሦስተኛው ቀን ማስቲካ ይዞት ወጣ። ጥፋቱ የኔ ነው፣ አታኝክ ተብያለሁ። ስደውልለት «ተከፍቶ አይቆይም፣ ዛሬውኑ ይምጡ» ብሎ መልሶ ለጠፈልኝ። ሳንቲም አልተቀበለኝም።

ብሪጁ ሲመጣ ካርቦን የመሰለች ሰማያዊ ስስ ወረቀት አስነከሰኝ። ምልክቱ የበዛበትን ነጥብ ትንሽ ይሞርድና እንደገና «ይንከሱ» ይለኛል። ሰልችቶኝ «ደህና ነው» አልኩት። አላመነኝም። «ፀጉር ታህል ከፍ ካለች ሌሊት ትነግርዎታለች» አለ። ሰባት ስምንት ጊዜ ሳልነክስ አልቀረሁም። በመጨረሻ ሁለቱም ጎን እኩል ጠቅ አለ። ያን ድምፅ ረስቼው ነበር።

ሲስተር ደግሞ መስታወት ፊት አቁማ በብሪጁ ሥር ክር ማሾለክ አስተማረችኝ። ክራውን የለበሰ ጥርስ አይበሰብስም ብላችሁ እንዳትሳሳቱ። ሽፋኑ ከጥርሱ የሚገናኝበት ጠርዝ ካልጸዳ ከሥር ይበሰብሳል። የመጀመሪያ ቀን ሩብ ሰዓት ፈጀብኝ፤ አሁን መርፌ ላይ ክር እንደሚሰካ ልብስ ሰፊ ሆኛለሁ።

እንከናቸው ቀጠሮ ነው። ሦስት ሰዓት ከተባላችሁ አራት ተኩል በሉት። አምስት ጊዜም ተመላልሻለሁ። አንድ ቀን ማደንዘዣው ሳይለቀኝ ሚኒባስ ውስጥ ገብቼ ረዳቱ የት ነህ ሲለኝ «ኮንኮልቻ» ብዬ ሰው ሁሉ ሳቀብኝ።

ዶክተር፣ ሲስተር፣ እጃችሁ ይባረክ። ስሙን ያልጻፍኩት ራሱ አደባባይ አታውጣኝ ስላለኝ ነው። የፈለገ በውስጥ መስመር ይጻፍልኝ፣ አቅጣጫውን እነግረዋለሁ። ከኮምቦልቻ የምትሄዱ ሐረጎ ላይ ጉም ካለ ትንሽ ቀደም ብላችሁ ውጡ።