«ለውድድርም ለሽርሽርም» የተባለች የእንጨት ጀልባ ከመግዛታችሁ በፊት አስመዝኗት

ወገኖች፣ ይህን የምጽፈው የኔ ገንዘብ ከወጣ በኋላ ነው። የእናንተ ከመውጣቱ በፊት ይድረሳችሁ ብዬ ነው። ረዘም ይላል። ግን በልዩ ትዕዛዝ የተሠራች የእንጨት የሸራ ጀልባ ለመግዛት ያሰበ ሰው ካለ እባካችሁ እስከ መጨረሻው ያንብበው።

የገዛኋት ጀልባ 12 ሜትር ናት። ገላዋ ቀጫጭን የሴዳር ጣውላዎች ጎን ለጎን ኤፖክሲ በሚባል ጠንካራ ሙጫ ተጣብቀው የተሠራ ነው። አንድ ብቻ ናት፤ እህት የላትም። የመጀመሪያው ባለቤት ነው በራሱ ፍላጎት ያሠራት። ማስታወቂያው «ለውድድር የምትፈጥን፣ ለረጅም ጉዞ የምትመች» ይላል። ሄጄ ሳያት ልቤ ወዲያው ሄደ። ቫርኒሿ ፊት ያሳያል። ውስጧ ሁለት መኝታ ክፍል፣ ሙሉ ኩሽና፣ ፍሪጅ፣ ጄነሬተርና ሙቅ ውሃ አለ። ግድግዳው ላይ የውድድር ሽልማቶች ተሰቅለዋል። ደላላው ሽልማቶቹን እያሳየ ስለ ፍጥነቷ ነገረኝ፣ ዞር ብሎ ደግሞ አልጋውን እያሳየ ስለ ምቾቷ ነገረኝ። ሁለቱም በዓይኔ ፊት ስለነበሩ ሌላ ጥያቄ አልመጣልኝም።

ሁለት እግር አለኝ ተብሎ ሁለት ዛፍ አይወጣም ይባላል። በጀልባ ግን ሁለቱን ዛፍ የወጡ አሉ፣ ይህን መካድ አልፈልግም። ደላላውም የጠራልኝ ከነሱ ዋነኛዋን ነው። ፊኒስቴር ትባላለች። በ1954 የተሠራች የእንጨት ጀልባ ናት፣ ንድፏ ስፓርክማን ኤንድ ስቲቨንስ የተባለው የአሜሪካ የጀልባ ንድፍ ድርጅት ነው፣ ርዝመቷ 12 ሜትር እንኳ አይሞላም። ሰፊና ከባድ ነበረች፣ ውስጧም ምቹ። ያም ሆኖ 635 የባሕር ማይል የሚሸፍነውን ከኒውፖርት እስከ ቤርሙዳ የሚደረገውን ውድድር በ1956፣ በ1958 እና በ1960 በተከታታይ አሸንፋለች። ታሪኩ እውነት ነው። ደላላው ያልነገረኝ፣ ያቺ ጀልባ ገና ወረቀት ላይ እያለች ምቾቷም ክብደቷም አብሮ ተሰልቶ እንደነበር ነው። የጊዜው የውድድር ደንብም ሰፋ ያሉና ከበድ ያሉ ጀልባዎችን አይጎዳም ነበር። የኔዋ ግን ለውድድር ቀላል ተደርጋ ተነደፈች፣ ተሠራች፣ ጥቂት ዓመት ተወዳደረች፣ ከዚያ በኋላ ነው ምቾቱ የተጫነባት። የሸጡልኝ የድሮውን ፍጥነትና የአዲሱን ምቾት አንድ ላይ ነው። ሁለቱ በአንድ ቀን አብረው ኖረው አያውቁም።

ነገሩ የገባኝ በመጀመሪያው ውድድር ነው። ነፋሱ ለስለስ ያለ ነበር። በውድድር ሰርተፍኬቷ መሠረት ከኋላዬ መሆን የነበረባቸው ጀልባዎች አንድ በአንድ አለፉኝ። ሸራው ሙሉ ነው፣ ገመዱ በትክክል ተወጥሯል፣ አብረውኝ የነበሩት ልምድ ያላቸው ናቸው። ጀልባዋ ግን አትነሳም። መሪውን ስይዘው ራሱ ክብደቷ እጄ ላይ ይሰማኛል።

ለጥገና ከውሃ ስትወጣ ክሬኑ ላይ የክብደት መለኪያ እንዳለ አየሁ። ኦፕሬተሩን ቁጥሩን እንዲያነብልኝ ለመንኩት። 10.3 ቶን። ንድፏ ላይ የተጻፈው 8.5 ቶን ነው።

እንደገና አስመዘንኳት። ያው ነው።

ከዚያ ቀለሙን ማየት ጀመርኩ። ጀልባ ውሃው የሚደርስበት ቦታ ላይ ዙሪያዋን የተቀባ መስመር አላት፣ ታውቁታላችሁ። የኔዋ መስመር ከውሃው በላይ በሥርዓት የተቀመጠ ይመስል ነበር። በብርጭቆ ወረቀት ቀስ እያልኩ ፋቅኩት። መጀመሪያ ሰማያዊ፣ ከስሩ ነጭ፣ ከነጩ ስር ደግሞ ሌላ ሰማያዊ መስመር ወጣ። ከአዲሱ በ7 ሴንቲ ሜትር ዝቅ ብሎ። ያ ነው እውነተኛው መስመር። ጀልባዋ እየሰመጠች ስትሄድ መስመሩን ወደ ላይ አውጥተው ቀብተውታል ማለት ነው። በዚህ መጠን ያለች ጀልባ 1 ሴንቲ ሜትር ዝቅ እንድትል በግምት 250 ኪሎ ያስፈልጋል። 7ን በ250 አባዙት፤ ክሬኑ ያነበበው ትርፍ ክብደት ላይ ትደርሳላችሁ ማለት ይቻላል።

1.8 ቶን ከየት መጣ እንዳትሉ። አንድም ትልቅ ነገር የለም፣ ሁሉም በጥቂት በጥቂቱ የገባ ነው። ከአልጋ ስር የተጨመሩ ጋኖች 400 ሊትር ውሃ ይይዛሉ፣ ያ ብቻውን 400 ኪሎ ነው። ጄነሬተሩና ባትሪዎቹ አሉ። የካቢኑ ቁምሳጥንና በሮች ቀላል ከነበሩት ወጥተው ወፍራም ማሆጋኒ ገብቶባቸዋል። የላይኛው ወለል ላይ የተነጠፈው ቲክ የሚባል እንጨት 10 ሚሊ ሜትር ውፍረት አለው፣ አንዱ ካሬ ሜትር ከ6 ኪሎ በላይ ይመዝናል፤ 20 ካሬ ሲሆን ወደ 130 ኪሎ ነው። እሱ ደግሞ የተጫነው ከውሃው በላይ ከፍ ብሎ ስለሆነ ጀልባዋ ቶሎ እንድትጋደም ያደርጋል። ሸራዋና ምሰሶዋ ግን እንዳሉ ናቸው፣ ለ8.5 ቶን የተሰሉት። ገላዋ ውሃ ውስጥ በገባ ቁጥር የሚጎትታት ውሃም ይጨምራል። ለዚህ ነው በለስላሳ ነፋስ የምትሞተው።

የውድድር ሰርተፍኬቱስ? ነበረ። አይአርሲ በሚባለው ሥርዓት የወጣ፣ ማህተም ያለው፣ የሚያምር ወረቀት። በዚህ ሥርዓት እያንዳንዱ ጀልባ በልኳ አንድ ቁጥር ይሰጣታል፣ ውድድሩን የጨረሰችበት ሰዓት በዚያ ቁጥር ይባዛል። ቁጥሩ ሲወጣ የጀልባዋ ክብደት አብሮ ይገባል። ሰርተፍኬቱም በየዓመቱ ይታደሳል። እኔ የታየኝ ወረቀት ቲኩም ጄነሬተሩም ከመግባታቸው በፊት የወጣ ነበር። ቀኑ ወረቀቱ ላይ በግልጽ ተጽፏል። እናንተ ወረቀቱን ስትቀበሉ ከማህተሙ በፊት ቀኑን እዩ፣ ቀጥሎ ክብደቱን፣ ከዚያ «ከዚህ ቀን በኋላ ምን ተጨመረ?» ብላችሁ በጽሑፍ መልስ ጠይቁ።

እስካሁን ያልኩት ፍጥነት ነው። ፍጥነት ቢቀር ሰው ይኖራል። የባሰው እንጨቱ ነው።

ምሰሶውን ከጎንና ከጎን ወጥረው የሚይዙት የብረት ገመዶች ከጀልባዋ ገላ ጋር የሚታሰሩባቸው ወፍራም የብረት ሳንቃዎች አሉ። በኔዋ ጀልባ እነሱ ያሉት ከአዲሱ የማሆጋኒ ቁምሳጥን ጀርባ ነው። ቁምሳጥኑን ስከፍት ሁልጊዜ የአፈር ሽታ ይሸተኝ ነበር፣ ዝናብ የነካው የቆየ ቅጠል ዓይነት። ልብስ ረጥቦ ይሆናል ብዬ አልፌዋለሁ። በኋላ ጀርባውን ፈትቼ በካቻቢቴ ጫፍ ነካ አደረግኩት። መግፋት አላስፈለገኝም። ካቻቢቴው እስከ እጀታው ገባ። ሳወጣው ጫፉ ላይ ቡናማ፣ እርጥብ፣ በጣት ሲነካ የሚፈርስ ነገር ይዞ ወጣ። ያ ነው ምሰሶዬን ይዞ የነበረው እንጨት። በዚያ ጀልባ ልጆቼን ይዤ ወጥቻለሁ። ይህን ስጽፍ አሁንም እጄ ይንቀጠቀጣል።

እንዴት ሆነ? ቲኩን ሲያነጥፉ ከስር ያለውን ኮምፔንሳቶ በመቶ የሚቆጠር ቦታ በብሎን በስተውታል። ቀዳዳዎቹን በኤፖክሲ አላሸጉም። የዝናብ ውሃ በዚያ ገባ። እንጨት የሚያበሰብሰው ፈንገስ የሚነሳው የእንጨቱ እርጥበት ከ20 በመቶ በላይ ሲቆይ ነው፣ የሚወደውም ንጹሑን የዝናብ ውሃ ነው እንጂ ጨዋማውን የባሕር ውሃ አይደለም። ብዙ ሰው ጀልባ ከስር ነው የምትበሰብሰው ይላል። የእንጨት ጀልባ ብዙ ጊዜ የምትበሰብሰው ከላይ ነው። በኤፖክሲ የተሸፈነ እንጨት ደግሞ አንዴ ውሃ ከገባበት በቀላሉ አይደርቅም። ውሃ እንዳይገባ የተደረገው ሽፋን ውሃው እንዳይወጣም ይከለክለዋል።

«አላስመረመርክም ወይ?» ትሉኛላችሁ። አስመርምሬያለሁ። መርማሪውን ያመጣልኝ ደላላው ነው፣ ችግሩም እዚያ ላይ ነው። ሪፖርቱ ብዙ ገጽ አለው፣ ፎቶም አለው። መጨረሻው አካባቢ ግን በትንሽ ፊደል «ከቁምሳጥን ጀርባ፣ ከጋኖች ስርና ከወለል ንጣፍ ስር ያለው ክፍል አልታየም» ይላል። አንብቤዋለሁ፣ አልገባኝም ነበር። ዋና መታየት የነበረባቸው ሦስት ቦታዎች እነዚያው ናቸው። ስለዚህ ሪፖርት ስትቀበሉ ምን አየ የሚለውን ትታችሁ ምን አላየም በሚለው ጀምሩ። ያላየውን እንዲያይ ሻጩ ቁምሳጥኑን ይፍታ። አልፈታም ካለ ጀልባዋን ተዉአት፣ ሌላ ጀልባ አይጠፋም።

መርማሪውን ራሳችሁ ፈልጉ፣ ራሳችሁ ክፈሉት፣ ሲሠራም አጠገቡ ቁሙ። የእንጨት ጀልባ የሚያውቅ ይሁን፣ የፋይበር ጀልባ ብቻ የሚያይ ሰው አይበቃም። በእርጥበት መለኪያው ብቻ ሳይሆን በመዶሻ ጀርባ እያንኳኳ ሲሄድ ጆሯችሁን ስጡ። ጤነኛ እንጨት ጥርት ያለ ድምፅ ይሰጣል፣ የበሰበሰው ደብዛዛ ነው፤ ጀማሪም ይለየዋል። ከጀልባዋ ሆድ ስር ያለውን ኪል፣ ማለትም እንዳትገለበጥ የሚይዛትን ከባድ የእርሳስ ብረት፣ የያዙት ቡሎኖች ቢያንስ አንድ ሁለቱ ወጥተው ይታዩ። ስቴንለስ ስቲል ስለሆነ አይበላም የሚላችሁን አትስሙ። ስቴንለስ አየር በሌለበት እርጥብ ቦታ ታፍኖ ሲቆይ ከውስጥ ይቦረቦራል፣ ጭንቅላቱ ግን እያብረቀረቀ ይቆያል።

አዲስ ለማሠራት ለምታስቡ ደግሞ አንድ ነገር ብቻ ልበል። ክፍያው በሥራው ደረጃ ይከፋፈል፣ በየክፍያው የጀልባዋ ገላና የተገዛው ዕቃ ባለቤትነት ወደ እናንተ እንደሚዞር ውሉ ላይ ይጻፍ። ሠሪው መሃል ላይ ቢከስር፣ በስማችሁ ያልሆነች ግማሽ ጀልባ የአበዳሪዎቹ ናት። የታሰበው ክብደትም በቁጥር ውሉ ውስጥ ይግባ። «ቀላል» የሚል ቃል ብቻውን ፍርድ ቤት አይረዳችሁም።

የኔን ጉዳይ ጠበቃ ይዞታል፣ ስለዚህ የሻጩንም የደላላውንም ስም እዚህ አልጽፍም፣ በውስጥ መስመርም አትጠይቁኝ። የምሰጣችሁ ጠበቃዬ አሁን ለራሴ ያረቀቀልኝን አንቀጽ ነው። ቀብድ ከመክፈላችሁ በፊት ውሉ ላይ አስገቡት፦

«ጀልባዋ ገዢው ባለበት፣ ጋኖቿ ባዶ ሆነው፣ መለኪያ ባለው ክሬን ትመዘናለች። የተገኘው ክብደት ሻጩ በጽሑፍ ከገለጸው ከ5 በመቶ በላይ ከበለጠ፣ ወይም ገዢው የመረጠው መርማሪ እንዲከፈት የጠየቀው ማንኛውም ክፍል ካልተከፈተ፣ ቀብዱ ሙሉ በሙሉ በ7 ቀን ውስጥ ይመለሳል።»

ሻጩ ይህን ካልፈረመ ቀብዱን አትስጡት።