«የውጭ መድኃኒት» ብለው የሸጡልኝ ቢጫ ዱቄት

ይህን የምጽፈው ቅዳሜ ማታ ነው። ብርቱካን ዛሬ ከቀኑ 9 ሰዓት ላይ ሞተች። ስሟን ያወጣችላት የሰባት ዓመቷ ልጄ ናት። ብርቱካን ጎልድፊሽ ናት፤ ከመስከረም ጀምሮ አብራን ኖራለች። በአምስት ሳምንት ውስጥ ስድስት ዓሣ ሞቶብናል፣ የመጨረሻዋ እሷ ነበረች። ገንዳው ባዶውን ቀርቷል። ፊልተሩ ግን እስካሁን ይሠራል፤ ተነስቼ ለመንቀል አቅም አጣሁ።

የዓሣ ሱቆችን ታውቋቸዋላችሁ። ግድግዳው ሙሉ ገንዳ፣ በየገንዳው ሰማያዊ መብራት፣ ሁሉን አውቃለሁ የሚል ባለቤት። ዓሣውን በፌስታል ውሃ ያደርጉታል፣ አየር ነፍተው በላስቲክ ያስሩታል፣ «ካመመው ብቅ በይ፣ መድኃኒት አለን» ብለው ይሸኙሻል። ደረሰኝ የሚባል ነገር የለም። የዚህን ሱቅ ስም አልጽፍም። አሠራሩን ብቻ ልንገራችሁ።

ከአምስት ሳምንት በፊት ሞሊ የሚባሉ አራት ዓሦች ገዛሁ፤ ሁለት ጥቁር፣ ሁለት ነጭ፣ እያንዳንዳቸው 350 ብር። ከሁለቱ ጎልድፊሾቼ ጋር ይስማሙ እንደሆነ ጠየቅኩት። «ችግር የለውም» አለኝ። ማሞቂያ ያስፈልጋል ወይ አልኩት። «የአዲስ አበባ አየር ተስማሚ ነው፣ ማሞቂያ ትርፍ ወጪ ነው» አለኝ። አመንኩት። ሞሊ የሙቅ ውሃ ዓሣ መሆኑን፣ 25 ዲግሪ አካባቢ እንደሚፈልግ፣ የእኛ ሳሎን ውሃ ደግሞ ሌሊት 18 ዲግሪ ድረስ እንደሚወርድ ያወቅኩት በኋላ ነው። ይባስ ብዬ በቀጥታ ከጎልድፊሾቹ ጋር ጨመርኳቸው።

በአራተኛው ቀን አንደኛው ጥቁር ሞሊ ክንፉን ሰብስቦ ጥግ ላይ ቆመ። ፊቴን ወደ መስታወቱ ጠጋ አድርጌ ሳየው ጀርባው ላይ ጨው የተነሰነሰ ይመስላል። በማግስቱ ሁሉም ጋር ታየ። ብርቱካን ጎኗን ከጠጠሩ ጋር እየፈተገች ትስፈነጠር ነበር፣ የሚያሳክከው ሰው ጀርባውን ከበር መቃን ጋር እንደሚያሽ።

ፎቶ አንስቼ ወደ ሱቁ ሄድኩ። ባለቤቱ ስልኬን ለአፍታ አየት አድርጎ ከመደርደሪያው ላይ ነጭ የፕላስቲክ ጠርሙስ አወረደ። ስቲከር አለው፤ የዓሣ ሥዕልና የማላውቀው ፊደል። «ከውጭ የሚመጣ ነው፣ ብዙ ጊዜ አይገኝም» አለኝ። 1,400 ብር። «ግማሹን ዛሬ፣ ግማሹን ከሦስት ቀን በኋላ። ውሃውን ለሳምንት እንዳትቀይሪ።»

ውስጡ ቢጫ ዱቄት ነው። ስበጠብጠው ጣቶቼ ቢጫ ሆኑ፣ በሳሙናም ቶሎ አልለቀቀኝም። ያኔ ምንም አልጠረጠርኩም።

በአራተኛው ቀን ነጩ ነጠብጣብ ጠፋ። ዓሦቹ እንደገና መዋኘትና መብላት ጀመሩ። ደስ ብሎኝ ደወልኩለት። «እግዚአብሔር ይስጥልኝ፣ አዳንክልኝ» አልኩት። ሁለት ጎረቤቶቼንም ወደ እሱ ላክኋቸው። ዛሬ ከሁሉም በላይ የሚያንገበግበኝ ይሄ ነው። ሌላ ሰው ይዤለት ሄድኩ።

ከሳምንት በኋላ ነጠብጣቡ በእጥፍ ተመለሰ። ሁለቱ ነጭ ሞሊዎች በአንድ ሌሊት ሞቱ። ሄድኩ። «ሥሩ አልተነቀለም ማለት ነው፣ ሁለተኛ ዙር ይፈልጋል» አለኝ። ሌላ 1,400 ብር። ጠፋ፣ ተመለሰ። ሦስተኛ ጠርሙስ ገዛሁ። «ሦስተኛው ላይ ቁርጡ ይለያል» አለኝ፤ ትከሻዬን መታ መታ አድርጎ ሸኘኝ። በሦስተኛው መሃል ጥቁሮቹ ሞሊዎችና ታናሹ ጎልድፊሽ ሞቱ። ውሃው ላይ የሳሙና ዓይነት አረፋ ተኛበት። ትናንት ማታ ብርቱካን ብቻዋን ወደ ላይ ወጥታ አፏን ከውሃው አፍ ላይ እየከፈተች እየዘጋች አደረች። እኔም አጠገቧ አደርኩ።

እና ዛሬ ጠዋት ሦስት ሰዓት ሳይሞላ ሱቁ ደረስኩ። ቪዲዮ ቀርጬ ነበር፣ እሱን ላሳየው ብዬ።

ሱቁ ገና መከፈቱ ነው። ፊት ለፊት ማንም የለም፣ የፓምፖቹ ድምፅ ብቻ። ከኋላ ያለችው ክፍል መጋረጃዋ ግማሽ ድረስ ተሰብስቧል። ወደዚያ ጠጋ አልኩ። ሠራተኛው ልጅ በርጩማ ላይ ተቀምጧል፣ እግሩ ሥር ጋዜጣ ዘርግቷል። ጋዜጣው ላይ የካፕሱል ስትሪፖች ተቆልለዋል። አንዱን ፍሬ በአውራ ጣቱ ፈልቀቅ ያደርጋል፣ ሁለቱን ጫፍ ይዞ ጠምዘዝ አድርጎ ይከፍለዋል፣ ዱቄቱን በተጠቀለለ ወረቀት ወደ ነጭ ጠርሙስ ያራግፋል። ባዶው ልባስ ወደ ጎን። ቀጣዩ። ቀጣዩ። ከጎኑ የዓሣ ሥዕል ያለበት ስቲከር በትልቅ ወረቀት ላይ ተደርድሯል። የልጁ ጣቶች ቢጫ ናቸው። የኔ ጣቶች የሆኑትን ቢጫ።

ባለቤቱ ጀርባውን ሰጥቶኝ ለዓሦች ምግብ ይበትናል። ዞር ሳይል እንዲህ አለ፦

«ለዚያች ለጎልድፊሿ ሴትዮ አንድ አስቀምጥላት። ዛሬ መምጣቷ አይቀርም።»

ልጁ «ስንት ፍሬ ላድርግባት?» አለው።

«አሥር ይበቃታል።»

ከዚያ ልጁ ቀና ሲል አየኝ። እጁ ካፕሱሉን እንደያዘ ቀረ። «ማዘር...» አለ፣ ሌላ ቃል አልወጣውም።

ስትሪፑን ጎንበስ ብዬ አነሳሁ። ቴትራሳይክሊን፣ 250 ሚሊግራም። የሰው መድኃኒት ነው። ያውም በሐኪም ትእዛዝ ሊሸጥ የሚገባው። በኋላ ሰፈር ያለ ፋርማሲ ስጠይቅ አሥሩ ፍሬ 90 ብር ነው አሉኝ። እኔ ለአንዱ ጠርሙስ 1,400 ከፍያለሁ፤ ለሦስቱ 4,200።

ባለቤቱ ዞሮ ሲያየኝ ይደነግጣል ብዬ ጠብቄ ነበር። አልደነገጠም። «እንዴ እህቴ፣ እንዴት አደርሽ» አለኝ፣ እንደ ሁልጊዜው ፈገግ ብሎ። ከውጭ የመጣ ያልከኝ ይሄ ነው ወይ አልኩት። «መድኃኒት መድኃኒት ነው» አለ። ገንዘቤን መልስ አልኩት። «ደረሰኝ አለሽ?» አለኝ። ደረሰኝ እንደማይሰጥ እሱም ያውቃል፣ እኔም አውቃለሁ። አምስት ዓሣ ሞቶብኛል፣ ስድስተኛዋ እያጣጣረች ነው አልኩት። እንዲህ አለኝ፦

«ዓሣ ነው እኮ። ሰው አልሞተብሽም። ሌላ ግዢ፣ ቅናሽ አደርግልሻለሁ።»

ካሸር ቦታ ገብታ የተቀመጠችው ልጅ አፏን በእጇ ይዛ ሳቀች።

በዚያ መሃል አንድ አባት ትንሽ ልጁን ይዞ ገባ። ልጁ ሮጦ ወደ ሞሊዎቹ ገንዳ ሄደ። ሠራተኛው ልጅ ከሌላ ገንዳ ውስጥ ያወጣውን እርጥብ መረብ እንደያዘ ያንኑ እዚያ ገንዳ ውስጥ ነከረው። ተጠግቼ አየሁ። ሁለቱ ሞሊዎች ጅራት ላይ ነጭ ነጠብጣብ አለ። ለአባትየው አሳየሁት። «ወንድሜ፣ ይሄን እይ፣ እነዚህ የታመሙ ናቸው» አልኩት። ባለቤቱ በመሃላችን ገብቶ «ሴትየዋ ዛሬ ተበሳጭታለች፣ አትስሚያት ጋሼ» አለው፤ አፉ ተሳስቶ ነው መሰለኝ በሴት ጠራው፣ ደንግጦ የነበረው ያኔ ብቻ ነው። አባትየው እኔን አየኝ። ልጁን አየ። ልጁ አፍንጫውን መስታወቱ ላይ ለጥፏል። ከፈለ።

ከዚያ ወጣሁ። ታክሲ ውስጥ ሆኜ ለአጎቴ ልጅ ደወልኩ፤ ቢሾፍቱ የእንስሳት ሕክምና የተማረ ነው። ከመጀመሪያው ለእሱ መደወል ነበረብኝ። ስልኩ እኮ ሁሌም አለኝ። ባለሱቅ ይበልጣል ብዬ፣ ዓሣ የሚያክል ነገር ይዤ አላስቸግረውም ብዬ ተውኩት።

ያስረዳኝን ልንገራችሁ። ይሄ ነጭ ነጠብጣብ ኢክ ይባላል፣ ጥገኛ ተውሳክ ነው። ቴትራሳይክሊን ደግሞ የባክቴሪያ መድኃኒት ነው፣ ተውሳኩን አይነካውም። ታዲያ ለምን ጠፋ? በራሱ ጊዜ ነው የጠፋው። ነጠብጣቡ ማለት ከዓሣው ቆዳ ሥር ገብቶ የሚበላው ተውሳክ ነው። ሲጠግብ ይወድቃል፣ ጠጠሩ ላይ ተለጥፎ ሽፋን ይሠራል፣ ውስጡ ሆኖ ይባዛል፤ አንዱ በመቶዎች ይሆናል። ከዚያ ሽፋኑ ይፈነዳና ልጆቹ እየዋኙ ዓሣ ፍለጋ ይወጣሉ። መድኃኒት የሚገድለው ያኔ ብቻ ነው፣ ሲዋኙ። ቆዳ ሥር ሳለም ሽፋን ውስጥ ሳለም አይደርስበትም። ውሃው ሲሞቅ ይህ ዙር በሳምንት ውስጥ ያልቃል፣ ሲቀዘቅዝ ሳምንታት ይፈጃል።

ባለሱቁ ይሄን ያውቃል። ነጠብጣቡ እንደሚወድቅ፣ እኔም ዳኑ ብዬ እንደምደሰት፣ ከዚያ በእጥፍ እንደሚመለስ ያውቃል። «ዛሬ መምጣቷ አይቀርም» ያለው ለዚህ ነው። የመምጫ ቀኔን የሚቆጥረው በተውሳኩ ዙር ነበር።

ገዳዩም ነጠብጣቡ ብቻ ላይሆን ይችላል አለኝ። ፊልተር ውስጥ የዓሣውን ቆሻሻ የሚያጣሩ ጠቃሚ ባክቴሪያዎች አሉ። ቴትራሳይክሊን እነሱንም ይጎዳል። እነሱ ሲሞቱ አሞኒያ ይጠራቀማል፣ የዓሣውን ስንጥብ፣ ማለትም መተንፈሻውን፣ ያቃጥላል። ውሃውን ለሳምንት አትቀይሪ ሲለኝ ደግሞ መውጫውን ዘጋብኝ። ብርቱካን ሌሊቱን ሙሉ ወደ ላይ ወጥታ አየር የለመነችው በኔ እጅ በተጨመረ ነገር ነው። ልጄ «እማዬ፣ መድኃኒቱ እያመማት ይሆን?» ብላኝ ነበር ረቡዕ ዕለት። ዝም በይ አልኳት።

ቤት እንደገባሁ ግማሹን ውሃ ቀየርኩ፣ ግን ዘግይቼ ነበር። ብርቱካን የሞተችው ልጄ የገንዳውን ጫፍ ይዛ ቆማ እያየች ነው።

ባጭሩ፦ መድኃኒቱ ላይ የንጥረ ነገሩ ስምና የሚያበቃበት ቀን ካልተጻፈ አትግዙ። አዲስ ዓሣ ቢያንስ ለአራት ሳምንት በሌላ ዕቃ ለብቻው ይቆይ፣ በተለየ መረብ። ለኢክ ጎልድፊሽና ሞሊ ካላችሁ በሊትር 2 ግራም ያህል ጨው ቀስ በቀስ ጨምሩ፤ ጨው የማይችሉ ዓሦች ስላሉ መጀመሪያ አጣሩ። ውሃውን ቶሎ ቶሎ ቀይሩ፣ ጠጠሩን እጠቡ፣ የመጨረሻው ነጠብጣብ ከጠፋ በኋላም ቢያንስ ሳምንት ቀጥሉ። ውሃችሁ ቀዝቃዛ ከሆነ ከዚያም በላይ። የእንስሳት ሐኪም የምታውቁ ከሆነ አትፈሩ፣ ደውሉ። ሁለቱ ጎረቤቶቼ ዘንድ ነገ ጠዋት እሄዳለሁ፣ ይቅርታ ልጠይቃቸው።

ሦስተኛውን ጠርሙስ አልጣልኩትም። አሁን ማታ ስቲከሩን በሙቅ ውሃ ዘፍዝፌ ላጥኩት። ከሥሩ ሌላ ስቲከር አለ። የሕፃናት ቫይታሚን ጠርሙስ ነው።