የሰዓት መስታወት ለተሰበረባችሁ፦ እቺን ባለሙያ ሳላመሰግን አላልፍም

ሰላም ሰዓት ወዳጆች፣ የኔ አውቶማቲክ ሰዓት ከብረት በር ጋር ተጋጭቶ ሳፋየር (በጣም ጠንካራ ሰው ሰራሽ ክሪስታል) መስታወቱ ጥጉ ላይ ተፈንክቶ ነበር፣ መጀመሪያ ያሳየሁት ሰው "መስታወት መስታወት ነው አሁኑኑ ልቀይርልህ" ሲለኝ ደስ ስላላለኝ ይዤው ወጣሁ፣ ከዛ ጓደኛዬ እቺን ሰዓት ሰሪ ጠቆመኝ፣ እግዜር ይስጠው።

ገና ፎቶውን ስልክላት "እየሰራ ነው እንዴ? የጎን ቁልፏን ሳብና አቁመው፣ ደግሞ አትነቅንቀው" አለችኝ። ለካ ሳፋየር በሞህስ የጥንካሬ መለኪያ 9 ነው፣ 10 አልማዝ ነው፣ ስለዚህ ስባሪው ውስጥ ከገባ ዳያሉንም (ቁጥሮቹ ያሉበትን ገጽ) የማሽኑን ጥርሶችም ይፍቃል፣ ብረቱ አይችለውም። ይሄን እስከዛሬ የነገረኝ የለም በእውነት።

"አይጫርም ሲሉኝ አልነበር እንዴ" ስላት ሳቀች። አለመጫርና አለመሰበር ለየቅል ነው ነው የምትለው፦ አቧራ ውስጥ ያለው ኳርትዝ 7 ስለሆነ ተራውን ሚኒራል መስታወት ይጭረዋል፣ ሳፋየርን አይነካውም፣ ግን ሳፋየር ጭራሽ አይለጠጥም፣ ጠርዙ ከተመታ ጠብ ይላል። አክሪሊክ (ፕላስቲኩ መስታወት) በተቃራኒው ቶሎ ይጫራል ግን አይበተንም፣ ጭረቱም በመወልወያ ቅባት ተወልውሎ ይለቃል፣ ጨረቃ ላይ የደረሰው ኦሜጋ ስፒድማስተር ሰዓት ራሱ መስታወቱ አክሪሊክ ነበር።

ስራዋ ላይ ስመጣ ማሽኑን አውጥታ ስባሪውን በማጉያ እያየች አንድ በአንድ ለቀመች፣ የመስታወቱን መቀመጫ በካሊፐር (በመለኪያ መሳሪያ) ለካች፣ ላስቲኩን በአዲስ ቀየረች፣ መስታወቱን በፕሬስ ቀስ አድርጋ ካስገባች በኋላ ውሃ እንዳያስገባ በአየር ግፊት ፈተሸችው። ኮቲንጉ (ነጸብራቅ የሚቀንሰው ስስ ቅብ) ላይ ደግሞ ተከራከርን፣ እኔ በሁለቱም በኩል ይሁን አልኩ፣ እሷ ግን በውስጥ በኩል ብቻ አለች፣ ምክንያቱም ባዶ ሳፋየር ከእያንዳንዱ ገጹ ከ7 እስከ 8 በመቶ ገደማ ብርሃን ይመልሳል (ተራ መስታወት 4 አካባቢ ነው) ስለዚህ ኮቲንግ የግድ ነው፣ ግን ውጪ ያለው ኮቲንግ እንደ ሳፋየሩ ጠንካራ ስላልሆነ ይጫራል፣ ያኔ ሰው መስታወቱ ራሱ የተጫረ ይመስለዋል። አሸነፈችኝ፣ አሁን ሳየው ልክ ነበረች።

ከዛ ሳልጠይቃት የሙቀት መለኪያዋን ከኋላ ባለው መስታወት ላይ አድርጋ "ይሄኛው ሚኒራል ነው" አለችኝ። ሻጩ ሁለቱም ሳፋየር ነው ብሎኝ ነበር እኮ! ሳፋየር ሙቀት ቶሎ ስለሚያስተላልፍ መለኪያው ይለየዋል። ሚኒራሉን ቀይሪልኝ ብላት "ለምን? ቆዳህ ጋር ነው የሚውለው፣ ገንዘብህን ያዝ" አለችኝ፣ እኔ በዚህች ነው ያመንኳት።

ወሬዋም ደስ ይላል። ፈረንሳዊው ኦጉስት ቬርኔይ በ1902 የአሉሚኒየም ኦክሳይድ ዱቄት ከ2000 ዲግሪ በላይ በሆነ እሳት ውስጥ እያንጠባጠበ ሰው ሰራሽ ሩቢ መስራቱን አሳወቀ፣ የሰዓት ሳፋየርም ከዛው ዘር ነው፣ ሰው ሰራሽ ይሁን እንጂ የውሸት አይደለም። እንደ ሪቻርድ ሚል ኩባንያ የ2012ቱ አርኤም 056 ሙሉ ኬዛቸው (የውጪ አካላቸው) ሳፋየር የሆኑ ሰዓቶች ግን ሌላ ዓለም ናቸው፣ የሚቀርጸው የአልማዝ መሳሪያ ብቻ ነው፣ መጨረሻ ላይ ከተሰነጠቀ ያ ሁሉ ስራ ገደል ገባ። "ዋጋውን አላይም፣ ለሚቀርጹት ነው የማዝነው" ትላለች።

አንድ ነገር ብቻ፣ ቀርፋፋ ናት፣ ዛሬ ሰጥታችሁ ዛሬ ልውሰድ የምትሉ ከሆነ አትሂዱ። የድሮ አክሪሊክም ትወለውላለች። ስልኳን እዚህ አትለጥፍ ስላለችኝ የምትፈልጉ ኢንቦክስ በሉኝ፣ የተሰበረውንም የተጫረውንም ፎቶ አንስታችሁ ላኩላት፣ ከሁሉ በፊት ግን የሰዓታችሁን የጎን ቁልፍ ሳቡት።