የአባቴን ስኳር ጉድ ላወጣችው ሲስተር

አንዲት ነርስ ላመሰግን ነው። ስሟን ብጠራ ደስ ይለኝ ነበር። እሷ ግን «ስሜን ተወው፣ ሥራውን ንገርልኝ» ስላለች ሲስተር ብዬ ልቀጥል። ሥራዋ የስኳር ታካሚዎችን ማስተማር ነው። ሐኪሙ መድኃኒት ካዘዘ በኋላ ከታካሚው ጋር ቁጭ ትላለች። እንዴት እንደሚወጋ፣ እንዴት እንደሚለካ፣ ምን ሲሰማው ምን ማድረግ እንዳለበት ታሳያለች። እንዲህ ያለ ባለሙያ መኖሩን እንኳ አላውቅም ነበር።

አባቴ ኢንሱሊን ከጀመረ ዓመታት ሆነው። ባለፈው ዓመት ስኳሩ አልጨበጥ አለ። ዛሬ 280፣ ነገ 95፣ ከነገ ወዲያ 310። መጠኑ ይጨመርለታል፣ ለውጥ የለም። ቀድሞ የምንሄድበት ቦታ መልሱ ሁሌ አንድ ነው፤ «ጣፋጭ ይቀንሱ።» እኔም አመንኩ። ተደብቆ የሚበላ መስሎኝ የኮቱን ኪስ ሁሉ ፈትሼአለሁ። አኮረፈኝ። ቢያኮርፍም አይፈረድበትም።

ሲስተር ስለ ምግብ ገና ምንም ሳትጠይቀው፣ «አባባ፣ መርፌውን የት ነው የሚወጉት? እስቲ ያሳዩኝ» አለችው። ሸሚዙን ገለጥ አደረገ። ሆዱን በጣቶቿ ጫፍ ቀስ እያለች ዳበሰች። አንድ ቦታ ላይ ቆመች። «አንተም ንካው» አለችኝ። ከእምብርቱ ግራና ቀኝ እንደ ጎማ የሚነጥር እብጠት አለ። በዓይን ብዙም አያስታውቅም፣ እጅ ግን አይስተውም።

«ለምንድን ነው እዚህ ብቻ የሚወጉት?»

«እዚያ ጋ አያመኝማ!»

ጉዱ ይኸው ነው። ኢንሱሊን አንድ ቦታ ላይ ሲደጋገም ከቆዳ ሥር ያለው ስብ ያብጣል። ያበጠው ቦታ ደነዝ ይላል፣ መርፌው አይሰማም፣ ሰውም ይወደዋል። እዚያ የገባ ኢንሱሊን ግን ወደ ደም የሚሄደው በራሱ ሰዓት ነው፤ አንዴ ዘግይቶ፣ አንዴ ተጠራቅሞ። አባቴ ከረሜላ አልሰረቀም። እኔ ነኝ ያለ ማስረጃ የፈረድኩበት።

ቦታ እንዲቀይር ነገረችው፤ በየቀኑ ካለፈው ቢያንስ አንድ ጣት ያህል ፈቀቅ፣ መርፌውንም በየጊዜው በአዲስ። ግን በዚያ አላበቃችም። በጤነኛ ቆዳ ላይ ያው መጠን ከገባ ስኳሩ በድንገት ሊወርድ ይችላል ብላ ያን ዕለት ወደ ሐኪሙ መለሰችን። መጠኑ ተቀነሰ። ይህን ብትዘለው ኖሮ ቤታችን ውስጥ ምን ይፈጠር እንደነበር ማሰብ አልፈልግም።

መውረዱንም አስጠናችን። ላብ ካጠመቀው፣ ከተንቀጠቀጠ፣ ነገር ከተምታታበት መለካት። ከ70 በታች ከሆነ 15 ግራም ቶሎ የሚሠራ ስኳር፣ ለምሳሌ ግማሽ ብርጭቆ ጭማቂ። ከ15 ደቂቃ በኋላ እንደገና መለካት። ራሱን ከሳተ ግን በአፉ ምንም አለመስጠት፤ ወዲያው እርዳታ መጥራት። አባቴ «ስኳር ላለበት ሰው ስኳር?» ብሎ ሳቀ። እሷ አልሳቀችም።

ልንወጣ ስንል ወደ እኔ ዞረች። «አንተስ? መቼ ተለካህ?» ተለክቼ አላውቅም። አባቴ ታሞ፣ እኔ ሆዴን አሳብጄ፣ ቀኑን ሙሉ ወንበር ላይ ተጎልቼ እየዋልኩ፣ አንድም ቀን አላሰብኩትም። በማግስቱ ጠዋት ምንም ሳልበላ ሄድኩ። 112። የሦስት ወር አማካዩን የሚያሳየው ምርመራ ደግሞ 6.0 በመቶ። በጾም 126 ቢሆንና ሲደገም ያው ቢመጣ ስኳር አለብህ እባል ነበር። የእኔው ቅድመ ስኳር ይባላል። ምንም አልተሰማኝም፤ ነገሩን ክፉ የሚያደርገውም ይኸው ነው።

«ኢንሱሊን ሲጣራ ሰውነትህ መስማት እያቃተው ነው» አለችኝ። «ኢንሱሊን የሚያመርተው ቆሽትህ እንዲሰማለት ይጮኻል። አንድ ቀን ድምፁ ይዘጋበታል።» የአባቴ ዓይነቱ፣ ዓይነት ሁለት የሚባለው ስኳር የሚመጣው በዚህ መንገድ ነው። ዓይነት አንድ የሚባለው ሌላ ነው። እዚያ ሰውነት የራሱን ኢንሱሊን አምራች ሴሎች ያጠፋቸዋል፤ በሰውየው ጥፋት የሚመጣ አይደለም፣ በስፖርትም መከላከል አይቻልም። ይህን ልዩነት ያብራራችልኝ የመጀመሪያዋ ሰው እሷ ናት።

በ2002 እ.ኤ.አ. ስለታተመ አንድ የአሜሪካ ጥናትም ነገረችኝ። ከ3,000 በላይ ቅድመ ስኳር ያለባቸው ሰዎች ተከታትለው፣ ክብደታቸውን 7 በመቶ መቀነስንና በሳምንት 150 ደቂቃ መንቀሳቀስን ግብ ያደረጉት፣ ወደ ስኳር የመሸጋገር ዕድላቸው በ58 በመቶ ቀነሰ። ሜትፎርሚን የሚባለውን የስኳር ክኒን የወሰዱት ደግሞ በ31 በመቶ። እኔ 86 ኪሎ ነበርኩ። ሰባት በመቶው ስድስት ኪሎ ነው። «ስድስት ብቻ?» አልኩ። «ስድስት ብቻ» አለች።

ስድስቱ እንደ አፍ ቀላል አልነበሩም። ለስላሳ መጠጥ ተውኩ፤ እሱ ያናድዳል እንጂ ይቻላል። ማታ ማታ ከእራት በኋላ ከአባቴ ጋር መራመድ ጀመርን። እሱ እግሩን የሚፈትሽ ሰው ሆኗል፤ ከመውጣታችን በፊት ጫማውን ገልብጦ ያራግፋል፣ ስኳር እግርን ስለሚያደነዝዝ ጠጠር ቢገባ ላይሰማው ይችላላ። ከስድስት ወር በኋላ አምስት ኪሎ ወርጄ የሦስት ወሩ አማካይ 5.6 በመቶ ሆነ። የአባቴም ቁጥር እንደ ድሮው አይዘልም።

ጥቆማዬ ይህ ነው። እናንተ ወይ የቤታችሁ ሰው ስኳር ካለበት፣ የምትታከሙበት ቦታ ስትሄዱ «ስለ ስኳር የሚያስተምር ነርስ አለ?» ብላችሁ ጠይቁ። ካለ ቀጠሮ ያዙ። የምትጠቀሙበትን መርፌ፣ መለኪያውንና የቁጥር ደብተራችሁን ይዛችሁ ሂዱ፤ «አውቃለሁ» ብላችሁ ሳይሆን እፊታቸው አድርጋችሁ አሳዩአቸው። የተወጋችሁበትንም ቦታ አስነኩ። ሳያይ ሳይነካ ወረቀት ብቻ የሚሰጣችሁ ከሆነ፣ ሌላ ፈልጉ።

ሲስተር፣ አባቴ ሰላም ብሎሻል። ባለፈው እሁድ ልለካ ብዬ ብርቱካን እየላጥኩ ጣቴን ስዘረጋ መርፌውን ከእጄ ነጠቀኝ። «መጀመሪያ ታጠብ፣ የብርቱካኑን ስኳር ነው የምትለካው» አለኝ።